የመርሳ በሽታ

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ መርሳ የከተማችን ስም ብቻ ሳትሆን የበሽታም ስም ናት ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ወልድያ፣ ሐኪም ቤት ነው። እናቴ አያቴን ይዛቸው ስትገባ እኔን ኮሪደሩ ላይ ካለ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀርቶ ነበር። ሐኪሙ፣ ዶክተር ኤርሚያስ የሚባል ቀጭን ወጣት፣ አያቴን ብዙ ነገር ጠየቃቸው። ዛሬ ምን ቀን ነው? አጠገብዎ ያለችው ማን ናት? ዓመተ ምሕረቱስ? አያቴ አንዱንም አልመለሱም። "ጎሚስታ ቤት ካገኘህ አቁም፤ የኋላው ግራ ጎማ አላማረኝም" አሉት።

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእናቴ "የመርሳት በሽታ ነው" አላት። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን በኮሪደሩ ሁካታ መሃል በእኔ ጆሮ የገባው "የመርሳ በሽታ ነው" የሚል ነበር።

"መድኃኒቱስ?" አለች እናቴ።

"የሚያድን መድኃኒት የለም።"



እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ወባን ሰዎች የቆላ በሽታ ሲሉ እሰማ ነበር። የቆላ በሽታ የያዘው ሰው ደጋ ሲወጣ ይሻለዋል ይባላል። እንግዲያው የመርሳ በሽታም አለ ማለት ነው፤ መድኃኒትም ባይኖረው ከመርሳ መውጣት አለ።

ማረጋገጫውን እዚያው ቀን አገኘሁ። ከሐኪም ቤት ወጥተን መናኸሪያው አጠገብ ካለች ምግብ ቤት ገባን። አያቴ ዙሪያቸውን አዩ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና "ይህማ የብርቱካን ቤት ነው። የእሷን ጥብስ የሚያህል ከዚህ እስከ ባቲ የለም" አሉ። ብርቱካን የምትባለዋ ባልቴት ከጓዳ ብቅ ብላ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያቴ ወደ እኔ ዞረው "ብሌን፣ ብዪ እንጂ" አሉኝ። በስሜ ከጠሩኝ ዓመት ሊሞላ ነበር። ቤት ውስጥ የሚጠሩኝ ብዙነሽ እያሉ ነው፤ ብዙነሽ እኔ ከመወለዴ በፊት የሞተችው ሚስታቸው ናት። እናቴ ጉርሻዋን እንደያዘች እጇ አየር ላይ ቀረ።

ስንመለስ፣ ሚኒባሱ ከመርሳ የማንጎ ዛፎች ሲደርስ፣ አያቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ብዙነሽ፣ ጭነቱ ታስሯል?" አሉኝ። ለእኔ ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀለት።

ያ ምግብ ቤት አያቴ በጉልምስናቸው መቶ ጊዜ የቆሙበት እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በሽታው የቅርቡን ይበላል እንጂ የሩቁን ቶሎ አይነካም፤ የድሮ ቦታ የድሮውን ሰው ለጥቂት ደቂቃ ሊመልሰው ይችላል። የእኔን ስም ለምን እንደጠሩ ግን እስከ ዛሬ የጠየቅሁት ሐኪም ሁሉ ሊያስረዳኝ አልቻለም።

አያቴ ካሳዬ ይባሉ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ የአሰብን መንገድ በተሳቢ መኪና ተመላልሰውበታል። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ሌላ መኪና አልነዱም። እኔ የማውቃቸው ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የጎደጎደ ሳህን እንደ መሪ ይዘው ሲያዞሩ ነው። "ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰርዶ" ይላሉ። ቁልቁለት ሲደርሱ ከንፈራቸውን አሹለው የፍሬን ትንፋሽ ያወጣሉ። እኔ ጎናቸው ቁጭ ብዬ አብሬ እዘነብላለሁ። ከእኔ ጋር የሚጫወቱ መስሎኝ ነበር። ከጓደኞቼ አያቶች ሁሉ የእኔ ይበልጣሉ እል ነበር፤ የእነሱ ይቆጣሉ፣ የእኔ ይጫወታሉ።

እናቴ ታደለች የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ከአባቴ ከተለያየች ቆይታለች። እኔ ጠዋት እማራለሁ፣ እሷ ከሰዓት ታስተምራለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የምንቀረው አያቴና እኔ ነን። በሩ ከውስጥ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ እናቴ አጥር መሃል ባለች ሽንቁር ወደ ጎረቤታችን እትዬ ፋንቱ ግቢ ገብታ በዚያ በኩል ትወጣለች፤ ቁልፉ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከፍ ካለ ሚስማር ይንጠለጠላል።

አንድ ቀን እናቴና እትዬ ፋንቱ ሽንቁሩ ጋ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

"ፀበሉንስ ሞከርሽው?" አለች እትዬ ፋንቱ።

"አስጠምቄዋለሁ። ሁለት ሱባኤ።"

"ታዲያ ምን አሰብሽ?"

"ምን አስባለሁ? ከዚህ ያውጣን ብቻ ነው ጸሎቴ። እሱንም እኔንም ከዚህ ያውጣን።"

እናቴ ሞት መለመኗ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ "ከዚህ" ስትል ከመርሳ ማለቷ መሰለኝ። እሷም መድኃኒቱን ታውቀዋለች፤ ጊዜ አጥታ ነው እንጂ፣ አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ነበር፤ የግንቦት መጀመሪያ። ማንጎው በስሎ በየሰዓቱ መሬቱን ይደበድበዋል። እናቴ ከወጣች በኋላ ጄሪካን ላይ ቆሜ ቁልፉን አወረድኩ። አያቴን ኮታቸውን አለበስኳቸው፤ በዚያ ሙቀት። ኮፍያቸውንም አደረግኩላቸው።

"ወዴት ነን ብዙነሽ?"

"ወደ ወልድያ፣ አባባ።"

"ጭነቱስ?"

"ታስሯል።"

እጄን ይዘው ወጡ። በዚያ ሙቀት መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም፤ ማንም አላስቆመንም። መኪና መነሻው ጋ ሮቤል የሚባል ወጣት ረዳት "ወልድያ! ወልድያ!" እያለ ይጣራል። አያቴን ሲያይ ጥሪውን አቆመ።

"ጋሽ ካሳዬ! ወዴት ነው?" ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ ብሎ "ብቻቸውን ነው እንዴ?" አለኝ።

"እናቴ ወልድያ መናኸሪያ ትጠብቃቸዋለች" አልኩት።

ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር፤ ጥፋት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ሮቤል ሒሳብ አልተቀበለም። ጋቢና አስገባቸውና በሩን በአክብሮት ዘጋላቸው። አያቴ የፊቱን መስታወት፣ የሹፌሩን እጅ፣ የማርሹን ዘንግ አንድ በአንድ አዩ። ፊታቸው በራ። መኪናው ሲነሳ፣ ሹፌሮች መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንደሚያደርጉት፣ ሁለት ጣታቸውን ከፍ አድርገው ተሰናበቱኝ።

ቤት ተመለስኩ። ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩ፤ ጓጉንቸሩን መቆለፍ ግን ረሳሁ። ከዚያ ማንጎ በላሁና ተኛሁ። ትልቅ ሥራ ሠርቶ እንደጨረሰ ሰው ነበር የተኛሁት።

እናቴ አመሻሹ ላይ ስትመጣ የማስበው ይህን ነበር፤ አያቴ የት እንዳሉ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ለትንሽ ጊዜ አላውቅም እላለሁ፣ ከዚያ እነግራታለሁ፣ እሷም ትስመኛለች። እናቴ ግን አልጠየቀችኝም። ባዶውን በርጩማ አየች፣ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አየች፣ ከዚያ ሰምቼው የማላውቀውን ጩኸት ጮኸች። "ተኝቼ ነበር" አልኩ። ደግሜም "ተኝቼ ነበር" አልኩ።

ያን ምሽት "ወልድያ" የምትል አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ በሕይወት ይገኙ ነበር፤ አያቴ የተቀመጡት እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ነበር። ያዩዋቸው ሰዎች በኋላ ተናግረዋል። እስኪነጋ እዚያው ነበሩ። የመርሳ ሰው ግን ወንዙን፣ የፍራፍሬውን ማሳ፣ እስከ ግራና ያለውን መንገድ ነበር የሚያስሰው። ሁለት ቀን ሙሉ በተቃራኒው አቅጣጫ ፈለጓቸው። እኔ የእትዬ ፋንቱን ቀሚስ ይዤ፣ ሰዎቹ ሲወጡ ሲገቡ እያየሁ፣ አያቴ አሁን እየተሻላቸው ነው እያልኩ እጽናና ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ሐራ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አገኟቸው። ከወልድያ በሐራ አድርጎ ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ አሰብ እንደሚያደርስ የሚያውቅ እግር ነበራቸው። በዚያ ፀሐይ ኮታቸውን እንደለበሱ ሄደው ሄደው አንድ ግራር ሥር ተጋድመዋል። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀምጠውታል ተባለ።

ከቀብሩ በኋላ ፖሊሶች ቤታችን መጡ። አንደኛው ጓጉንቸሩን እያገላበጠ አየ፤ ሌላው ይጽፋል። "ምርመራ ላይ ነን" አሉ። "በሩን ማን ከፈተው?" የሚለውን ጥያቄ ለእናቴ፣ ለእትዬ ፋንቱ፣ ከዚያም ለእኔ አቀረቡ። "ተኝቼ ነበር።" ምርመራ የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ከሳምንታት በኋላ ሰዎቹ መምጣት ተዉ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ ዶክተር ኤርሚያስ መርሳ ድረስ መጣ። እናቴ ጥቁሯን እንደለበሰች ማንጎው ሥር ወንበር አወጣችለት። እኔ መጋረጃው ኋላ ነበርኩ።

"በየቤቱ ስንት አረጋዊ እንደተቆለፈበት የሚያውቅ የለም" አለ። "አንዱ ቡዳ ነው ይላል፣ አንዱ እርጅና ነው ብሎ ይተወዋል። እኔና ጥቂት ጓደኞቼ ጥናት ልንጀምር አስበናል። ምርምር ያስፈልጋል። የሚረዳን ግን አላገኘንም።"

እናቴ "እኔ እረዳችኋለሁ" አለች።

"እንዴት አድርገሽ?"

"በሳይክል።"

ሳይክሉን አያቴ ከአሰብ፣ ጭነት ላይ አስረው ያመጡላት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ያን ጊዜ መርሳ ውስጥ ሳይክል የምትነዳ ሴት እሷ ብቻ ነበረች ይላሉ። አሁን ከመርሳ ወልድያ ልትነዳ፣ ከወልድያም አያቴ የተገኙበት የሐራ መንገድ ድረስ ልትወርድ አሰበች። ሰው በየኪሎ ሜትሩ የሚችለውን ቃል ይገባል፤ የሚሰበሰበው ለዶክተሩ ጥናት ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ዞራ ደብዳቤ አጻፈች። ተማሪዎቿ ካርቶን ላይ የአያቴን ፎቶ ለጠፉ።

ወሬው ከተማውን ሲዞር ግን ምርምርንና ምርመራን የሚለይ ሰው አልነበረም። እትዬ ፋንቱ ራሷ ሽንቁሩ ላይ ቆማ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማኋት፤ "ለምርመራ ነው አሉ ገንዘቡ። በአባቷ ነገር።"

"እንዴ! አልቆ አልነበረም እንዴ?"

"አላለቀም አሉ። እስከ መጨረሻው ልታስጠናው ነው።"

እናቴ ያን ሁሉ መንገድ የምትነዳው በሩን የከፈተውን ሰው ለማስያዝ ነው። ደብዳቤው፣ ፎቶው፣ ማታ ማታ እግሯን ቅባት የምትቀባው፣ ሁሉም እኔን ለመያዝ ነው።

የጉዞው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የሰኔ መጨረሻ። እናቴ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትሄድ ሳይክሉ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ሦስት የግራር እሾህ አመጣሁ። በድንጋይ እየመታሁ ኋለኛው ጎማ ውስጥ ቀበርኳቸው። ከዚያ እጄን ታጥቤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ ከሳይክል አከራዩ ከዓለምነህ ጋር በባጃጅ እንድከተላት ተነግሮኝ ነበርና።

እናቴ ጥቁር ሻሿን አስራ፣ ጥቁር ሸሚዟን ለብሳ ወጣች። መንገድ ዳር የቆመው ሰው ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ከንፈሩን መጠጠ። "ሐዘን ላይ ሆና ሳይክል?" የሚሉ ሴቶች ነበሩ። እሷ ማንንም አላየችም።

ሲሪንቃ ሳንደርስ ጎማው ተነፈሰ። ዓለምነህ ካላማዳሪያውን፣ የውስጡን ጎማ፣ አወጣ፤ ከጎማው ላይም እሾሆቹን እየነቀለ መዳፉ ላይ ደረደራቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

"ቲቸር፣ ይህ አስፋልት ላይ የሚገኝ..." ብሎ ጀመረና አቋረጠው።

እናቴ እሾሆቹን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። የተናደደችው በመንገዱ ነው ብዬ አሰብኩ።

"ለጥፈው" አለችው።

ለጠፈው። ጥቂት ሄዳ እንደገና ተነፈሰ። ዝናብ ጀምሮ ነበርና ማስቲሹ አልያዘም። ሦስተኛ ጊዜ ሲተነፍስ ዓለምነህ ባጃጅ ላይ እንጫነው አላት። አልሰማችውም። ሳይክሉን እየገፋች በእግሯ ዳገቱን ተያያዘችው። እኛ ከኋላዋ ቀስ እያልን እንከተላለን። ውሃው ከጥቁር ልብሷ ላይ ቀለም አጥቦ ክርኗ ላይ ይወርድ ነበር።

ወልድያ ሰዎች የሚጠብቋት በአራት ሰዓት ነበር። ስንደርስ ስምንት አልፏል። ተማሪዎቹ ሄደዋል፤ ድምፅ ማጉያ የጫነው ባጃጅ ሄዷል፤ ካርቶኑ ላይ የተለጠፈው የአያቴ ፎቶ በዝናብ ተሸብሽቧል። የቀሩት ጃንጥላ የያዘው ዶክተር ኤርሚያስ፣ ሱቅ ጥግ የተጠለሉ ጥቂት ሰዎች፣ እና አጎቴ ንጉሴ ናቸው። ንጉሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ወልድያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ከቀብሩ ወዲህ ቤታችን አልመጣም ነበር።

"አባቴን ገድለሽ በሬሳው ትለምኛለሽ?" አላት።

"ንጉሴ፣ ሰው ፊት አይሆንም።"

"ሰው ፊት አይደል የወጣሽው! እንግዲያው ሰው ፊት ንገሪኝ። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ተገኘ፣ ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ነው። እሱ ቁልፍ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ መልሶ ሰቅሎ አይወጣም። ኮቱን ማን አለበሰው? በሩን ማን ከፈተው ታደለች?"

ባጃጁ ውስጥ፣ ከላስቲኩ መጋረጃ ኋላ፣ ሽንቴ አመለጠኝ። ምርመራው ደረሰ፤ አሁን እኔን ይጠራሉ።

እናቴ ሳይክሉን ግንብ ላይ አስደገፈች። ቀና ብላም "ማንም አልከፈተውም" አለች። "ኮቱን ያለበስኩት እኔ ነኝ። ሳልቆልፍ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ረስቼው ነው።"

ንጉሴ ትንሽ ቆሞ አያት።

"ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም" አለና ሄደ።

ዶክተሩ ጃንጥላውን ዘረጋላት፤ አልገባችበትም። የሐራን መንገድ አልወረደችም። ዓለምነህ ሳይክሉን ባጃጁ ጣሪያ ላይ አሰረው። እናቴ ገብታ፣ እርጥብ መሆኔን በእጇ ዳስሳ፣ ምንም ሳትል ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። እኔ ያን ጊዜ ምን እንደተሰማኝ ለመናገር እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ደስታ ነበር። በሩን ክፍት የተወችው እናቴ ከሆነች፣ እኔ የከፈትኩት ምኑን ነው? ትልቅ ሰው አይዋሽም። ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ልጅ የሚፈልገውን ነገር ለማመን ጊዜ አይፈጅበትም። በሁለት ዓመት ውስጥ ጄሪካኑን፣ ቁልፉን፣ ሮቤልን ሁሉ ሕልም አድርጌያቸው ነበር። የዶክተሩ ጥናት ወረቀት ላይ ቀረ፤ እሱም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሄደ። ንጉሴ ቃሉን ጠበቀ፤ ልጆቹን ሲድር አልጠራንም። የመርሳ ሰው እናቴን ፊት ለፊት ምንም አይላትም፣ ስታልፍ ግን ወሬ ይቋረጣል። ሳይክሉን ሁለተኛ አልነካችውም።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወልድያ አትሄጂም ብላ ስትከለክለኝ፣ "አንቺ ማን ነሽና ነው የምትጠብቂኝ? አባትሽን እንኳ ጠብቀሽ አላቆየሽም፤ አያቴን የገደልሻቸው አንቺ ነሽ" አልኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። አጥባ ጨረሰች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "ሄደሽ ተመለሺ፤ እንዳይመሽብሽ" አለችኝ።

ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እዚያው ሥራ ያዝኩ። የዛሬ አራት ዓመት ግድም እናቴ ተማሪዎቿን በስም መጥራት አቃታት። ከዚያ የምትሠራበትን ክፍል ትስት ጀመር። ሃምሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። በሽታው ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። ሥራዬን ትቼ መርሳ ገባሁ።

አምና፣ መድኃኒት ልገዛላት ወልድያ ሄጄ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሹፌር በመስታወት ያየኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወርድ አስቆመኝ። ፀጉሩ ሸብቷል።

"አንቺ የጋሽ ካሳዬ የልጅ ልጅ አይደለሽም? እኔን አታውቂኝም። ሮቤል እባላለሁ።"

ሕልም ያልኩት ሁሉ ሥጋ ለብሶ ፊቴ ቆመ።

"በሰዓቱ ብሰማ ኖሮ..." አለ መሪውን እያሻሸ። "ያን ሁለት ቀን መኪናችን ተበላሽቶ ወልድያ ጋራዥ ነበርን። ወሬውን የሰማሁት ከቀብር በኋላ ነው። በሠልስቱ ሄጄ ለእናትሽ ነገርኳት። ልጅቷ ናት ያሳፈረቻቸው አልኳት። ድንኳኑ ኋላ ወስዳኝ እግሬ ላይ ወደቀች። 'ለማንም እንዳትናገር። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ይህን ተሸክማ አታድግም' አለችኝ። አልተናገርኩም። እንዴት ናት አሁን?"

"ደህና ናት" አልኩት።

በሠልስቱ። ከጉዞው በፊት፣ ከእሾሁ በፊት፣ ንጉሴ ፊት ከመቆሟ በፊት። ሳህን ታጥብ በነበረበት ቀን፣ ነገሩን ካወቀች ስምንት ዓመት አልፏት ነበር።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፊቷ ተንበረከክሁ። "እማዬ፣ አባባን ከቤት ያወጣኋቸው እኔ ነኝ" አልኳት።

"የት ወሰድሽው?" አለች በድንጋጤ። "አባዬ የት አለ?"

"እማዬ... ሞተዋል እኮ። ቆይቷል።"

"አባዬ ሞተ?"

መርዶ ነበር ያረዳኋት። ደረቷን መታች፣ ፊቷን ቧጠጠች፣ ጩኸቷም ያ የበፊቱ ጩኸት ነበር። እትዬ ፋንቱ በምርኩዝ እየተጎተተች መጣች። ሲመሽ እናቴ ለምን እንዳለቀሰች ረሳችው፤ ጉንጯ ለምን እንደሚያቃጥላት ብቻ ትጠይቀኝ ነበር። ያን ቃል ሁለተኛ ከአፌ ላላወጣ ማልኩ። የእኔ ይቅርታ ለእሷ በየጊዜው አዲስ ሐዘን ነው።

በዚህ ዓመት እኔንም አታውቀኝም። አንዳንድ ጊዜ ተማሪዋ ነኝ፣ አንዳንድ ጊዜ የሰው ቤት ልጅ። ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በረንዳ ላይ እግሯን ሳጥባት አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

"ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው፣ አንቺ ልጅ?"

"ምንም አልሆንኩ።"

"እኔ ስንት ልጅ አስተምሬያለሁ። ይታወቀኛል።"

ስም ሳልጠራ ነገርኳት። ልጅ ሳለሁ ትልቅ ጥፋት አጠፋሁ፤ እናቴ በእኔ ፈንታ ተሸከመችው፤ እኔ ደግሞ ሳድግ በዚያው ከሰስኳት። እግሯ ውሃው ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ሰማችኝ።

"ለእናትሽ ነግረሻታል?"

"አልነገርኳትም።"

"ትቆጣለች ብለሽ ነው?"

"አይደለም። ዘግይቻለሁ።"

"በሕይወት አለች?"

"አለች" አልኩ።

"ታዲያ ምኑ ነው የዘገየው?" አለች እየተገረመች። እግሯን ከሳፋው አወጣች፣ ፎጣውንም ከእጄ ወስዳ ራሷ ማድረቅ ጀመረች። "በይ ይህን ተዪው። ተነሺና ሂጂ። ሳይመሽባት ድረሽላት።"